ክላሲክ ሞተር ሳይክል በአጭር መም፦ የቅዳሜና እሁድ ውድድር ዝግጅት

አጭር መም የሚባለው አንድ ዙሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የውድድር መንገድ ነው። የእንግሊዙ ብራንድስ ሃች አጭሩ መስመር 1.9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረጅም ቀጥታ ስለሌለ የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞተር ያለ ዕረፍት ይፈጥናል፣ ይፈረናል፣ ማርሽ ይቀይራል፤ ንዝረቱም በደንብ ያልጠበቀውን ዳዶ ሁሉ ያላላል። ስለዚህ የፈረስ ጉልበት ከመፈለጋችሁ በፊት ምንም የማያፈስና ምንም የማይጥል ሞተር ይኑራችሁ። ከእናንተ የፈሰሰው ዘይት የሚጥለው ከኋላ የሚመጣውን ሰው ነው።

ሽቦ ማሰር

የሞተርና የካምቢዮ ዘይት ማፍሰሻ ቡሎኖች፣ የዘይት መሙያ ክዳኖችና የዘይት ማጣሪያው በሽቦ ይታሰራሉ። 0.7 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ሽቦ ይበቃል። የቡሎኑን ራስ ማዕዘኑ ላይ በ1.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ፤ ዘይት ጠብ እያደረጋችሁ ሥሩ፤ ጫፉ ሊወጣ ሲል ግፊቱን ቀንሱ፣ አለዚያ መሰርሰሪያው እዚያው ተሰብሮ ይቀራል። ሽቦው ቡሎኑን መጎተት ያለበት ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው። ቀዳዳው ለሽቦው እንዲመች ተብሎ ቡሎኑን ትንሽ መልሶ ማላላት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሽቦ ቡሎን እንዳይወድቅ ይይዛል እንጂ አያጠብቅም። ሌላ ቀዳዳ ብሱ።

የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ቢያንስ ግማሽ ሊትር በሚይዝ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይግባ፤ ከየውድድሩ በኋላም ይደፋ።

ዘይቱ የት ሄደ?

እንደ ኖርተን፣ ትራየምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. ያሉት አብዛኞቹ የዘመኑ የእንግሊዝ ሞተሮች ዘይታቸውን የሚያኖሩት በተለየ ታንክ ውስጥ ነው። ሞተሩ ለቀናት ሲቆም ዘይቱ በፓምፑ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ጠዋት ታንኩን ከፍቶ ጎድሎ ያየ ሰው ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ የወረደውን ሲመልስ ታንኩ ሞልቶ በመተንፈሻው ይፈስና የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። መጠኑን መለካት ያለባችሁ ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ብቻ ነው። ረጅም ጊዜ ከቆመ ደግሞ ከማስነሳታችሁ በፊት ከታች ያለውን አፍስሱ።

የጉሎ ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ ከማዕድን ዘይት ጋር አትደባልቁት፤ ሁለቱ በወጉ አይዋሃዱም። ለመቀየር ሞተሩንም ታንኩንም ቱቦዎቹንም አጥቡ።

መሪ፣ ማርሽና ፍሬን

መስታወቶችና የጎን መቆሚያ ይነሱ። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎች ጫፋቸው ኳስ መሰል ይሁን፤ በብዙ ደንቦች ዲያሜትሩ ከ16 ሚሊ ሜትር አያንስም። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር በእጀታውና በሰልባትዮው (በነዳጅ ታንኩ) መካከል 30 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር፣ ጣት እንዳይቀረቀር። ሞተሩን አስነሥታችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ፤ ድምፁ ከጨመረ የነዳጁ ገመድ አጥሯል ወይም ተወጥሯል። ነዳጅ መስጫው እንደተለቀቀ በራሱ መዘጋት አለበት።

ለአጭር መም የማርሽ ጥምርታው (የኋላው ጥርስ ለፊቱ ሲካፈል) አጭር ይሁን፣ ማለትም ቁጥሩ ከፍ ይበል። ከፊት 19፣ ከኋላ 45 ጥርስ ያለው ጥምርታው 2.37 ነው፤ የፊቱ 18 ሲሆን 2.50 ይሆናል። ከፊት አንድ ጥርስ መቀነስ ከኋላ ሁለት ተኩል ያህል እንደመጨመር ነው፤ ስለዚህ በፊቱ ቀይራችሁ በኋላው አስተካክሉ። ከመሙ ቀጥታዎች በረዘመው መጨረሻ ላይ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ከፍተኛ ዙር ልክ የሚነካ ከሆነ ትክክል ነው።

ባለ ሁለት “መሪ ሸራ” የታምቡር ፍሬን (ሁለቱንም ሸራዎች የታምቡሩ መዞር ራሱ የሚያጠብቃቸው ዓይነት) ጉልበቱን የሚያገኘው ሁለቱ ሸራዎች እኩል ሲነኩ ነው። ሁለቱን የፍሬን ክንዶች የሚያገናኘውን ዘንግ ፍቱ፤ ሁለቱንም ክንዶች ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ ግፉና ያዙ፤ ፒኑ ሳይገፋ የሚገባበትን የዘንግ ርዝመት አስተካክላችሁ እሰሩት። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ መያዣውም ወደ እጀታው ይቀርባል። በዚያ ሰዓት አታጥብቁት፤ ሲቀዘቅዝ ሸራው እየታከከ ጎማውን ይይዘዋል።

መፍቻችሁ ከሞተሩ ጋር ይግጠም። የእንግሊዝ ሞተሮች ብዙ ጊዜ የዊትዎርዝ መጠን መፍቻ ይፈልጋሉ፤ በሚሊ ሜትር መፍቻ የተሞከረ ዳዶ ማዕዘኑ ይላጫል።

ቅዳሜ ጠዋት

ፈታሾቹ ሞተሩን፣ ሄልሜቱን፣ የቆዳ ልብሱን፣ ጓንቱንና ጫማውን ያያሉ። ሁለት ቁራጭ ልብስ ከሆነ ዚፑ ዙሪያውን የሚገጥም ይሁን። የድምፅ መለኪያው ከማርሚታው ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ በ45 ዲግሪ ይያዛል፤ ማርሚታው ውስጥ ያለው ማፈኛ ከተቃጠለ ያኔ ይታወቃል።

ብዙዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሽ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬን በግራ ናቸው። ለዘመናዊ ሞተር የለመደ እግር በድንጋጤ ሰዓት ፍሬን ብሎ ማርሽ ይረግጣል። ይህን በመሙ ላይ ለመልመድ አታስቡ፤ አስቀድማችሁ ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሙት።

ዘይቱ ሳይሞቅ ሞተሩን አታስጩኹ። አዲስ ጎማ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች ማዘንበሉን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ቢጫ ባንዲራ አደጋ አለ፣ መቅደም ክልክል ነው ማለት ነው፤ ቢጫ ከቀይ ሰንበር ጋር መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀይ ውድድሩ ቆሟል። ብርቱካናማ ክብ ያለበት ጥቁር ባንዲራ ከቁጥራችሁ ጋር ከታየ ሞተራችሁ ችግር አለበትና ወዲያው ውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዘይት ነው።

በውድድሮች መካከል

መጀመሪያ ከሞተሩ ሥር ተንበርክካችሁ እርጥበት ፈልጉ፤ ቀጥሎ ራጂዎቹን በመፍቻ መታ መታ አድርጉ፣ የላላው ድምፁ እንደሌሎቹ አይጠራም። የሰንሰለቱን ልልነት ሰው ተቀምጦበት ለኩ። ባለ ፑንቲና ሞተር ላይ (ፑንቲና የካንዴላውን ብልጭታ ጊዜ የሚወስነው ተከፋች መገናኛ ነው) ክፍተቱን እዩ፤ በሉካስ ፑንቲና 0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ እሁድ ጠዋት ይሁን።

የካንዴላው ቀለም ስለ ካርቡሬተሩ የሚናገረው ሞተሩ በሙሉ ነዳጅ እየሠራ ሳለ ከጠፋ ብቻ ነው። በልምምዱ መጨረሻ መውጫው አጠገብ ባለው ቀጥታ ላይ ከኋላ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ፣ እጅ አንሥታችሁ፣ ፍሪሲዮን ይዛችሁ አጥፉት። ቀላል ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቀርሻ ካለበት ነዳጅ በዝቷል። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሷል፤ ዋናውን ጂግለር (በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) በአንድ ደረጃ ሳታሳድጉ ወደ መሙ አትመለሱ፣ ፒስተን የሚበሳው እንዲህ ነው።

እሁድ ማታ ሰልባትዮውና ካርቡሬተሩ ባዶ ይሁኑ። በተለይ ሰልባትዮው የድሮ ፋይበር ግላስ ከሆነ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ ውስጡን ያለሰልሰዋል፤ የሚላጠው ዝቃጭም በሚቀጥለው ውድድር ጂግለሩን ይደፍናል።