ሁለተኛ ራውተር ስጨምር ሦስት ቀን የበላኝ ነገር

ሐዋሳ ባለው ቤታችን ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ዋይፋዩ አይደርሰውም። መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ራውተር ነበረኝ፤ አውጥቼ ከሳሎን ኬብል ዘረጋሁለት። ስልኬ ዋይፋዩን ያገኛል፣ ይገናኛል፣ ከዚያ «ኢንተርኔት የለም» ይላል።

ኬብሉን ጠረጠርኩ። ጫፉን አስቀየርኩ፤ ያው ነው። ራውተሩን ሁለት ጊዜ ሪሴት አደረግኩት። የሁለቱንም ስምና ፓስወርድ አንድ አደረግኩ፤ ይሄ ጭራሽ አምታታኝ፣ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘሁ ማወቅ አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔን በኬብል ከአሮጌው ጋር አገናኝቼ አድራሻውን አየሁ፦ 192.168.1.1። የሳሎኑስ? እሱም 192.168.1.1። ለካ ሁለቱ አንድ የቤት ቁጥር ይዘው ተፋጠዋል!

የሠራልኝ ይሄ ነው። አሮጌውን ከሳሎኑ ነቀልኩት። በላፕቶፑ ማስተካከያ ገጹ ገብቼ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግኩ። የሳሎኑ ራውተር ለስልክና ለላፕቶፕ አድራሻ የሚያድለው በመጨረሻው ቁጥር ከ100 ጀምሮ ስለሆነ 2 ነፃ ነበር፤ የእናንተን ግን ቀድማችሁ እዩ። ጠፍቶ ሲነሳ በአዲሱ አድራሻ ገባሁና ዲኤችሲፒን (አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት) አጠፋሁ፤ አዳዩ የሳሎኑ ብቻ ይሁን። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ዲኤችሲፒው ቀድሞ ከጠፋ ላፕቶፑ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና ተመልሶ መግባት ያስቸግራል።

በመጨረሻ ከሳሎን የመጣውን ኬብል ዋን ከሚለው (ኢንተርኔት ከውጭ ከሚገባበት)፣ ቀለሙ ለየት ካለው ቀዳዳ ነቅዬ ከላን ቀዳዳዎቹ አንዱ ላይ ሰካሁት። ወዲያው ሠራ። እንዳይረባበሹ የዋይፋይ ቻናላቸውንም (የሚሠሩበትን የሞገድ መስመር) ለየሁ፤ ሳሎን 1፣ ጓሮ 6። የዋን ቀዳዳው እስካሁን ባዶውን ነው።