የድሮ የመንገደኞች መርከብ ፎቶ ካገኛችሁ የትኛዋ እንደሆነች እንዴት ትለያላችሁ?

ስሟን ፍለጋ ዓይናችሁን አታድክሙ። መጀመሪያ ጭስ ማውጫዋን እዩ። ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ነው።

ሦስት ጭስ ማውጫ ካላት፣ በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ የጀመረችው ኩዊን ሜሪ ልትሆን ትችላለች። ግን አትቸኩሉ፤ የፈረንሳይዋ ኖርማንዲም ሦስት ነበራት። የላይኛውን ወለል አስተውሉ። የኖርማንዲ ጥርት ያለ ነው፣ የኩዊን ሜሪ ግን በአየር ማስገቢያ ቱቦዎች የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ኖርማንዲ በ1942 ኒውዮርክ ወደብ ላይ በእሳት ተያይዛ ስለተገለበጠች፣ ፎቶው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተነሳ ከሆነ እሷ አይደለችም።

መርከቧ ግራጫ ተቀብታ ወታደር ከሞላባት የጦርነት ጊዜ ፎቶ ነው። ኩዊን ሜሪ በ1943 በአንድ ጉዞ ብቻ ከ16,000 በላይ ሰው ጭናለች፤ ይህን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ጭስ ማውጫዎቹ ሁለት ከሆኑ ቅርጻቸው ይለያቸዋል። በጣም ግዙፍ ከሆኑ በ1952 የአትላንቲክን የፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበረችውን ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችውን መርከብ አስቡ። ክንፍ መሰል ነገር ካላቸው የ1962ቷ ፍራንስ ናት፤ ክንፉ ጭሱን ከመንገደኞቹ ለማራቅ የተሠራ ነው። እንደ ወፍ ማቆያ ሳጥን በብረት ፍርግርግ ከተከበቡ ደግሞ ማይክል አንጄሎ ወይም ራፋኤሎ ናቸው። እነዚህ የጣሊያን እህትማማቾች በጣም ስለሚመሳሰሉ፣ እዚህ ላይ ግን አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ከፊት በኩል የተጻፈውን ስም ማንበብ ግድ ነው።