በሐረማያ ዳርቻ ወፍ የሚታይበትን ቦታ መምረጥ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ሲጓዙ አወዳይን እንዳለፉ የሚያገኙት የሐረማያ ሐይቅ ከሰው የራቀ ውሃ አይደለም። አስፋልቱና ከተማው ቅርቡ ናቸው፤ ዳርቻውም የጫትና የአትክልት ማሳ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የከብት ማጠጫ ነው። ያም ሆኖ ወፍ አለው፤ ቦታውን መለየት ብቻ ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት ውሃው ዛሬ የት ድረስ እንደደረሰ ይወቁ። ይህ ሐይቅ ለመስኖና ለሐረር ከተማ መጠጥ ሲሳብ ኖሮ፣ ከየኮረብታው የሚወርደው ደለልም ተጨምሮበት በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሷል። ስለዚህ በስልክዎ የሚያዩት የሳተላይት ምስል የቆየ ከሆነ ወደ ማሳ መሀል ሊመራዎ ይችላል። ምስሉን ለመንገድ ይጠቀሙበት፤ ዳርቻውን ግን በእግርዎ ይዩት።

በእግር ሲሄዱ የሚፈልጉት ቀስ እያለ የሚጠልቅ፣ ጠርዙ ላይ ሰፊ ጭቃ ያለው ዳርቻ ነው። ዳርቻው ቁልቁል በሆነበት ቦታ የሚታዩት ራቅ ብለው የሚዋኙ ዳክዬዎችና ግንባራቸው ነጭ የሆነ ጥቋቁር የውሃ ወፎች ናቸው። ጭቃው ላይ ግን ረጃጅም እግር ያላቸው ሁሉ ይሰበሰባሉ፤ ቂጧን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ትንሿን የዳርቻ ወፍ የሚያገኟትም እዚያው ነው። ወፎቹ ባይኖሩ እንኳ ጎንበስ ብለው ጭቃውን ይመልከቱ፦ የተደራረበ የጣት ዱካ፣ በመንቆር የተበሳሱ ትናንሽ ቀዳዳዎችና ያልደረቀ ነጭ ኩስ ካዩ ቦታውን አግኝተዋል፤ ነገ ማልደው ይመለሱ። ጠርዙን ግን አይመኑት። እኔ ሣር የሸፈነውን ደረቅ መሬት መስሎኝ ረግጬ አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ ተመልሻለሁ።

የሞተሩ ድምፅ አያሳስብዎ። በእኔ ትዝብት ወፎቹ ወጥ የሆነውን ጩኸት ለምደውታል፤ የሚያስበረግጋቸው ድንገት የሚመጣ ሰውና ውሻ ነው። እንዲያውም ቱቦው በሚያንጠባጥብበት ረግረግ ጭራቸውን የሚወዛውዙ ትናንሽ ወፎች አይጠፉም። ማሳ አቋርጠው ከመሄድዎ በፊት ግን ባለቤቱን ሰላም ብለው ያስፈቅዱ፤ አቅርቦ ማያ መነጽር አንግቶ በጫት መሀል የሚዞር እንግዳ ማንንም ያጠራጥራል።

ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት በምሥራቁ ዳርቻ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራቡ ይቁሙ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ስትሆን የላባው ቀለም ይለያል፣ ከፊትዎ ከሆነች ግን ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኛ ወፎች ከመስከረም እስከ መጋቢት ስለሚቆዩ፣ በዚያ ላይ በበጋው ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ስለሚሰፋ፣ እኔ ኅዳርንና ታኅሣሥን እመርጣለሁ። 8 በ42 የሚባለው መነጽር ይበቃል፤ 8 የሚያጎላበት መጠን ሲሆን 42 የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው።

ድሬዳዋ ላሉ ደግሞ ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ከዝናብ በኋላ በሚቀሩት ኩሬዎች ዳር ግን ጠዋት ወፍ ሊወርድ ይችላል። ከድልድይ ወይም ከግንቡ ላይ ሆነው ይመልከቱ እንጂ በክረምት ወደ አሸዋው አይውረዱ። በሐምሌ 1998 ሌሊት ከደጋው ወርዶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ጎርፍ የመጣው በዚሁ ወንዝ ነው፤ ከተማው ፀሐይ ሆኖም በደጋው በደንገጎ በኩል ደመናው ከጠቆረ መነጽርዎን ሰብስበው ይመለሱ።