የብርቱካን ሚደቅሳን ታሪክ በአምስት ደቂቃ እንዴት እንናገር?

ለማርች 8 ዝግጅት የአንዲት ጠንካራ ሴት ታሪክ አቅርቡ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የምትለን ብርቱካን ሚደቅሳ ናት። ምርጫው ጥሩ ነው፣ ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። "አዲስ አበባ ተወለደች፣ ሕግ ተማረች፣ በዳኝነት አገለገለች" እያልን ስንደረድር ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰዉ ስልኩን ያወጣል። እኔ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም የሰፈሬ ሰዎች ፊት። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

ልደቱን ዝለሉትና ቀጥታ ችሎት ውስጥ ግቡ። ብርቱካን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበረች። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ፣ ከሕወሓት መሰንጠቅ በኋላ በሙስና ተጠርጥረው እሷ ፊት ቀረቡ። መንግሥት እንዲፈቱ እንደማይፈልግ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እሷ ግን በዋስ ይውጡ አለች። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ ገና ከመውጣታቸው ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። እዚህ ጋ ትንሽ ዝም በሉ፣ ሰዉ ይዋጥለት። የዳኛ ትእዛዝ በር ላይ ሲሻር ካሳያችሁ፣ ለምን ዳኝነቱን ትታ ጥብቅና ጀመረች፣ ለምንስ ቀስተ ደመና የተባለውን ፓርቲ ተቀላቅላ ፖለቲካ ውስጥ ገባች ብላችሁ ማብራራት ብዙም አይጠበቅባችሁም።

ከዚያ ወደ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ጥምረት፣ ወደ ቅንጅት እለፉ፣ ግን ቶሎ። የ1997ን ምርጫ አንድ በአንድ ልተርክ ካላችሁ አምስቱ ደቂቃ እዚያው ያልቃል፣ አዳራሹም ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል። የቅንጅት ምክትል ሊቀመንበር ነበረች፣ ከምርጫው በኋላ በጥቅምት 1998 ከሌሎቹ መሪዎች ጋር ታሰረች። በቃ።

ጊዜያችሁን ማዋል ያለባችሁ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ እኔም የተዋረድኩት እዚሁ ጋ ነው። ያን ቀን "በ1999 በምሕረት ተፈታች" አልኩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ጠበቃ እጃቸውን አወጡና "ልጄ፣ ምሕረት ቢሆን ኖሮ በዚያው ፍርድ መልሰው ያስሯት ነበር?" አሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ልክ ናቸው። ምሕረት ወንጀሉንም ፍርዱንም ይሰርዛል። ይቅርታ ግን የሚያስቀረው ቅጣቱን ነው፤ ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ እንዳለ ይቆያል፣ ይቅርታው የተሰጠበት ሁኔታ ፈርሷል ከተባለም ቅጣቱ ተመልሶ ይመጣል። ብርቱካን ሐምሌ 9 ቀን 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባት፣ ሐምሌ 13 በይቅርታ ወጣች። መሃሉ አራት ቀን ነው፤ አራት ቀን መሆኑን በግልጽ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ሽማግሌዎች መሃል ገብተው ሲደራደሩ እንደነበረ ሰዉ ራሱ ይረዳዋል።

በ2001 መጀመሪያ ላይ፣ አዲሱን ፓርቲዋን አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕን እየመራች፣ ስዊድን ውስጥ ያወራችው ይህንኑ ነበር፤ ይቅርታው በሽማግሌዎች በኩል የመጣ ፖለቲካዊ ስምምነት መሆኑን። መንግሥት አስተባብዪ አላት። እሷ "ቃሌ" የሚል ጽሑፍ አውጥታ ያለችውን አጸናች። ታኅሣሥ ላይ ታሰረች፣ ዕድሜ ልኩም ተመለሰ። ለብቻዋም ተዘግቶባት ቆይታለች። እስከ መስከረም 2003 ቃሊቲ እስር ቤት ነበረች፣ የወጣችውም ዳግመኛ በይቅርታ ነው። "ይቅርታ" እና "ምሕረት" ከተምታቱባችሁ ይሄ ሁሉ ትርጉም ያጣል፣ ስለዚህ ከመድረኩ በፊት ሁለቱን ቃላት እጃችሁ መዳፍ ላይም ቢሆን ጻፏቸው።

አንድ የምወዳት ዝርዝር አለች፣ አትዝለሏት። እሷ ቃሊቲ እያለች አቶ ስዬ የእሷን ፓርቲ ተቀላቀሉ። ያቺ በዋስ የለቀቀቻቸው ዳኛ የመሠረተችውን! እኔ ስናገረው ከኋላ "እንዴ!" የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ።

ስለ ዓመተ ምሕረት ደግሞ፦ ውጭ አገር የምታቀርቡ ከሆነ አንዱን የዘመን አቆጣጠር ምረጡና ከጫፍ እስከ ጫፍ በሱ ሂዱ። ከመጀመሪያው እስር እስከ መጨረሻው መፈታቷ በእኛ ከ1998 እስከ 2003 ነው፣ በፈረንጆቹ ከ2005 እስከ 2010። ቀላቅላችሁ ከተናገራችሁ የታሰረችበትን ዓመት እያሳጠራችሁ ወይም እያስረዘማችሁ ነው። አጠራሩም እንደዚያው። "እሷ" ካላችሁ እስከ መጨረሻው እሷ፣ "እሳቸው" ካላችሁም እሳቸው። እኔ እሷ እላለሁ፣ ሕዝቡ "ብርቱካን" ብሎ ነው የለመዳት፤ ሽማግሌ በበዛበት አዳራሽ ግን ወይዘሪት ብርቱካን፣ እሳቸው ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም።

የአሜሪካ ቆይታዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፤ ሃርቫርድ ተምራለች፣ እሱ ይበቃል። ከዚያ ኅዳር 13 ቀን 2011፣ አንድም የተቃዋሚ ወንበር ያልነበረበት ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማት። በ1997 ምርጫ ሰበብ የታሰረች ሴት ምርጫ አስፈጻሚ ሆነች፤ ይሄንን ሳታጋንኑ በዝግታ ተናገሩት።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ይመጣባችኋል፣ ተዘጋጁ። አንዱ ተነስቶ "የ2013ቱስ ምርጫ?" ይላል። አትሟገቱት። ሰኔ 14 ድምፅ እንደተሰጠ፣ ትግራይ በጦርነቱ ምክንያት እንዳልመረጠች፣ ሶማሌና ሐረሪ ወደ መስከረም 2014 እንደተሻገሩ ንገሩት። ሌላው ደግሞ "ለምን ለቀቀች?" ይላል። በሰኔ 2015 ኃላፊነቷን እንደምትለቅ ስታሳውቅ የሰጠችው ምክንያት ጤናዋ ነው። "እውነተኛው ምክንያት እኮ..." ብሎ የሚጀምር ሰው ካለ ማይኩን አትስጡት፣ ሻይ ላይ ያውራላችሁ።