ሰማዩ አበባ ሲያወጣ፦ ሌሊት ደሴን በውሃ ቀለም ለሚሞክሩ ጀማሪዎች ችግርና መፍትሔ

ወረቀቱ በአራቱም ጎን በወረቀት ፕላስተር ኮምፔንሳቶ ላይ ተለጥፏል፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀርቧል (አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሌላው ንጹሕ)፣ ሶፍትም ከእጅ አይርቅም፤ ይህንን አድርጋችኋል ብለን እንነሳ። ሥዕሉም ቀላል ነው። ላዩ የጠቆረ፣ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ ሰማይ፣ ከፊቱ የጦሳ ተራራ ጥላ፣ ከጦሳ ሥር የጨለሙ ቤቶች፣ እዚህም እዚያም ቢጫ መስኮት። የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሰማዩ ላይ ነው፤ ቤትና መስኮት ሳይደረስ ወረቀቱ ይጣላል።

ምልክት፦ ሰማዩ ላይ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ የአበባ ጎመን የሚመስል ገርጣ ያለ ምልክት ወጣ

ምክንያቱ አንድ ነው፦ ግማሽ በግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ከእሱ የበለጠ ውሃ የያዘ ነገር አረፈ። ውሃ እርጥበት ከበዛበት ወደ ቀነሰበት ይሄዳል። ሲሄድ የቀለሙን ቅንጣት እየገፋ ይወስድና መጨረሻው ላይ እንደ ደለል ይተወዋል። መሐሉ ይገረጣል፣ ጠርዙ ይጠቁራል። በቀን ሰማይ ላይ ቢሆን ደመና ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የሌሊት ሰማይ ግን ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ ምንም አይደብቅም።

አመጣጡን በቅርብ እንየው። ሰማዩ ተቀብቶ አልቋል፣ ያምራልም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከጦሳ ጫፍ በላይ አንዲት የሳሳች ቦታ ትታያለች። «ይህችን ብቻ ልንካት» ይባላል። ብሩሹ አሁን ገና ከብርጭቆው የወጣ ነው፤ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል። ይነካል፣ ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም፣ እንዲያውም የተሻለ ይመስላል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቦታዋ ትከፈታለች። ያኔ ሰው ይደነግጥና ተጨማሪ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ ከአንድ አበባ ሁለት ይሆናል። ሦስተኛው ሙከራ መፈተግ ነው። ወረቀቱ ይላጣል፣ ጥጥ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙን እንደ ሶፍት እየመጠጠ ጥቁር ነጠብጣብ ያደርገዋል። ከዚያ መመለስ የለም።

እጅ ሳይነካውም አበባ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው «ምንም ሳላደርግ!» የሚለው ይህንን ነው። ቀለሙ ቁልቁል ሲወርድ በታችኛው ፕላስተር ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል። ሰማዩ መድረቅ ሲጀምር ያ ኩሬ ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ቅቡ እንዳለቀ ብሩሹን አጥባችሁ በሶፍት ጭምቅ አድርጉና በፕላስተሩ ዳር አንዴ አስኪዱት፤ ኩሬውን ይጠጣዋል። ፕላስተሩ ራሱ ላይ የቀረውን ጠብታም በሶፍት ጥረጉት፤ የሚመለሰው ከዚያም ነው።

ዋናው መፍትሔ ግን የወረቀቱን እርጥበት ማንበብ ነው። ሰሌዳውን ወደ ዓይናችሁ ከፍታ አንሱና በአምፖሉ ወይም በመስኮቱ አቅጣጫ አግድም እዩት።

እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ክፍት ነው፤ ቀለም ጨምሩ፣ አስተካክሉ፣ እንደፈለጋችሁ። ብልጭታው ከስሞ ድብዝዝ ያለ እርጥበት ብቻ ከቀረ በሩ ተዘግቷል። እዚህ ላይ ብሩሹን አስቀምጡ። አስቀምጡ ስንል ብርጭቆው ውስጥ ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ ነው፤ እጅ አጠገብ ያለ ብሩሽ አያስችልም። ቀጥሎ ብልጭታ የማይታይበት ደረጃ ይመጣል፤ ይህ ነው አታላዩ። ደረቅ ይመስላል፣ በእጅ ጀርባ ሲነካ ግን ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ውሃው ገና እየተነነ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከወረቀቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወጥቶ ሲያልቅ ብቻ ወረቀቱ እንደ ክፍሉ ሙቀት ይሆናል፤ ያኔ ደርቋል። በጣት ጫፍ አትፈትሹ፤ ቅባት ይተውና ቀጣዩ ቅብ እዚያ ቦታ ላይ አይዝም።

እነዚህ ደረጃዎች የሚቆዩበት ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል፤ የቪዲዮ አስተማሪ «አሥር ደቂቃ ጠብቁ» ሲል አትመኑት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመሐላቸው ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትርና የሐረጎ ቁልቁለት ብቻ ነው ያለው። በሐምሌ ጉም ቤት ሲገባ ደሴ ላይ 300 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ከአንድ ሰዓት በኋላም በእጅ ጀርባ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በግንቦት ኮምቦልቻ ላይ ያው ወረቀት ብሩሹ ታች ሳይደርስ ከላይ መደብዘዝ ይጀምራል። ስለዚህ የደሴ ጀማሪ ባለመታገሡ፣ የኮምቦልቻው ደግሞ በመዘግየቱ ያበላሻል። ሰዓቱን ትታችሁ ብልጭታውን እዩ።

ለማፋጠን የፀጉር ፎን ይሠራል፤ ግን ብልጭታው ከከሰመ በኋላ ብቻ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ሳያቆሙ እያንቀሳቀሱ። ገና በሚያብለጨልጭ ቀለም ላይ ፎን መንፋት ኩሬውን በነፋስ መንዳት ነው። ቡና ተፈልቶ ከተነሳበት ፍም አጠገብ ማስቀመጥም አይሆንም፦ አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ወረቀቱ ይቆለመማል፣ አመዱም ይበርና እርጥቡ ሰማይ ላይ ያርፋል። አመድ ከደረቀ ቀለም ላይ አይነሳም።

አበባው አንዴ ከወጣስ? አትንኩት። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ጠቆር ያለውን ጠርዝ ብቻ፣ ጭምቅ ባለ ጠንከር ያለ ብሩሽ ሁለት ሦስቴ ዳሰስ አድርጉና ወዲያው ሶፍት ተጫኑበት። እንደገና ይድረቅ። ቀጥሎ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ መላውን ሰማይ በንጹሕ ውሃ አንድ ጊዜ ብቻ አርጥቡና ሁለተኛውን ቅብ ጣሉበት። ሁለተኛ ቅብ ለሌሊት ሰማይ በማንኛውም ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ቅብ የጨለመ ሌሊት እምብዛም አይገኝም። አበባው የወጣው ዝቅ ብሎ ከጦሳ ትከሻ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ተዉት። ጉም ከታች በመንገድ መብራት ተመትቶ ሲገረጣ ደሴ ያደረ ሁሉ አይቶታል። ከሰማዩ አናት ላይ ከወጣ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም።

ምልክት፦ ሰማዩ ላይ አግድም ጭረት ቀረ

ቀለም አልቆባችሁ መሐል ላይ ለመበጥበጥ ቆማችኋል። ለኤ5 ወረቀት ሰማይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ የተበጠበጠ ቀለም ከመጀመሪያው ይዘጋጅ፤ ለኤ4 እጥፉ። ቢተርፍ ለጦሳ ይሆናል። ሰሌዳውን ከኋላው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አስደግፉትና በሰፊ ጠፍጣፋ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ እያንዳንዱ ጭረት ከበላዩ ያለውን ጭረት ግርጌ ይንካ። ወደ ላይ አትመለሱ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ወረቀቱን ቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አርጥቡት፦ አንዴ ቀቡ፣ እስኪጠጣ ጠብቁ፣ ድገሙት። ሥራውን ጠዋት አድርጉት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ይቀድማችኋል።

ምልክት፦ ሲረጥብ የጠቆረው ሰማይ ሲደርቅ አመድ መሰለ

የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይገረጣል፤ ስለዚህ እርጥቡ ከምትፈልጉት ይበልጥ ጠቁሮ ካልታየ ደርቆ ቀላል ይሆናል። ቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክሩና እስኪደርቅ ጠብቃችሁ ፍረዱ።

ሁለተኛው ጥፋት ከቱቦ የወጣ ጥቁር ነው። ብቻውን በውሃ ሲሳሳ የጥላሸት ግራጫ ነው የሚሆነው። ለኤ5 ሦስት የሽምብራ ፍሬ የሚያህል አልትራማሪን ሰማያዊና አንድ የሽምብራ ፍሬ ጥቁር ቡናማ ቀላቅሉ፤ ሰማያዊው ያመዝን። የያዛችሁት ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ጥቂት ቀይ ጨምሩበት።

በፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ ለልጆች የሚሸጠው ክብ ክብ ደረቅ ቀለም ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። አብዛኛው ሙሌት ነው፤ ብሩሽ ቢታሽበት ነጭ ወተት ያወጣል እንጂ ጨለማ አይሰጥም። አሥራ ሁለት ቀለም ያለበት ርካሽ ሳጥን ከመግዛት ሦስት ደህና ቱቦ፣ ማለትም ሰማያዊ፣ ቡናማና ቢጫ መግዛት ይሻላል። ለከዋክብቱ ከሚሆን ነጭ በቀር ለዚህ ሥዕል ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ምልክት፦ ጣራዎቹ ወደ ሰማይ ጸጉር አበቀሉ

ሰማዩ ደረቅ መስሎ ቀዝቃዛ ነበር፤ የጣራው ቀለም ወደ እርጥበቱ ሾለከ። ከላይ ያልነውን የእጅ ጀርባ ፍተሻ ዘላችኋል። ያ ጸጉር አይፋቅም፤ ግን ባሕር ዛፍ ይሆናል። ሲደርቅ በቀጭን ብሩሽ ግንድ አውጡለትና ቅጠሉን በዚያው ጨለማ ቀለም ጠቅ ጠቅ አድርጉ። ደሴ ላይ ከጣራ ጀርባ ባሕር ዛፍ ቢታይ ማንም አይጠይቅም። መስጊድ ሚናራ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ከሆነ ግን ዘዴው አይሠራም፤ እነሱ ስል ጠርዝ ይፈልጋሉ። ስለዚህ እነሱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ሥሩ።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ እዚህ አታምጡ። የደሴን የሰማይ መስመር የሚሠራው ተራራው ነው፤ ቤቱ ከሥሩ እየተደረደረ ይወጣል። ተራራውን ከሰማዩ አንድ ደረጃ፣ ቤቶቹን ሁለት ደረጃ አጥቁሩ። ዝናብ የመታው ቆርቆሮ ጣራ ደግሞ የሰማይን ብርሃን ስለሚመልስ ከግድግዳው ይልቅ ይገረጣል። ሁለት ሦስት ጣራ ላይ ያችን ቀጭን ገርጣ መስመር ብትተዉ ሰፈሩ ወዲያው ይታወቃል።

ምልክት፦ መስኮቶቹ አረንጓዴ ሆኑ

ሰማያዊ ላይ ቢጫ ቀብታችኋል። የውሃ ቀለም ያሳልፋል እንጂ አይሸፍንም። ቢጫው መቅደም አለበት፦ ቤቶቹ በሚመጡበት ቦታ ላይ ቢጫ ነጠብጣቦች አስቀምጡ፣ ይድረቁ፣ ከዚያ የሾለ ሻማ ጫን እያደረጋችሁ መስኮት መስኮቱን ቀቧቸው። ጨለማው ቀለም ሰሙ ላይ አይዝም፤ ቢጫው ከሥር ይቀራል። ነጭ ሻማ ከጧፍ ይሻላል፤ ጧፍ ለስላሳ ስለሆነ በሞቃት ቀን ይድጥና መስኮቱን ያሰፋዋል። ሰም አንዴ ከተቀባ አይነሳም፤ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ወስኑ። ማስኪንግ ፍሉድ (ቀለም እንዳይዝ ተቀብቶ በኋላ የሚላጥ ፈሳሽ) ያላችሁ ደግሞ ፎን አታስጠጉበት፤ ይጣበቅና ሲነሳ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል።

ካለፈ በኋላ የሚያድነው ነጭ ጓሽ (ከሥሩ ያለውን የሚሸፍን ወፍራም የውሃ ቀለም) ነው። ከቢጫ ጋር እንደ እርጎ ወፍራም አድርጋችሁ ቀላቅሉና አንድ ጊዜ ብቻ አሳርፉ። ወዲያና ወዲህ ካሻችሁት ከሥር ያለው ሰማያዊ ይሟሟና እንደገና አረንጓዴ ይሆናል። መስኮቱ ሁሉ አይብራ፤ ከሦስት ቤት አንዱ ይበቃል። ወደ ተራራው ሲወጣ መብራቱ ያንሳል፣ ይጠጋጋልም።

ሌሎች፣ ባጭሩ

ወረቀቱ ተጨማደደ፦ ከ300 ግራም ያነሰ ነው፤ የተማሪ ሥዕል ደብተር የሌሊት ሰማይ አይችልም።

ፕላስተሩ ሲነሳ ወረቀቱን ላጠው፦ ሳይደርቅ ነቅላችሁታል። ደርቆም ከሆነ ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ከሥዕሉ ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ ሳቡ።

ማታ የተቀባው ጠዋት ሌላ ሆነ፦ በቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊ ግራጫ ይመስላልና ሰማያዊ አብዝታችኋል። ቀለም በቀን ቀላቅሉ።

ከዋክብት ጦሳ ላይ ወጡ፦ በጥርስ ብሩሽ ነጭ ስትረጩ ተራራውንና ቤቶቹን በተቀደደ ወረቀት አልሸፈናችሁም። ጠብታው ከተለቀ ደግሞ ብሩሹ ውሃ በዝቶበታል፤ መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ ርጩ። ጨረቃ ከሣላችሁ በጨረቃዋ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮከብ እንዳይገባ፤ ከኋላዋ እንጂ ከፊቷ ኮከብ የለም።

ነጭ ጄል እስክሪብቶው መሐል ላይ መጻፍ አቆመ፦ ሰም ነክቷል። ጫፉን ሻካራ ወረቀት ላይ አሽታችሁ አጽዱት፣ ሰም ያለበት መስኮት ላይም አትመልሱት።