ውሻችሁ ማሳከክ ሲያሰቃየው
ለገጣፎ፣ እኛ ግቢ ያለው ቡቺ ጅራቱ ሥር ፀጉሩ እስኪረግፍ ራሱን ይነክስ ነበር። መጀመሪያ ቁንጫውን አጥፉ፤ አለርጂ ላለበት ውሻ ጥቂት ንክሻ እንኳ ይበቃዋል። ውሻውን ብቻ ማከም ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የቁንጫው እንቁላል ከገላው ረግፎ በሚተኛበት ጆንያ ላይ ይፈለፈላልና ጆንያውን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ቤቱንም ጥረጉ።

ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ባለው ሻምፑ ስታጥቡት አረፋውን 10 ደቂቃ አቆዩት፤ ውሃው ቀዝቀዝ ያለ ይሁን።

ካልተሻለው ምግቡን ጠርጥሩ። በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ከድንች ጋር ቀቅላችሁ፣ ለ8 ሳምንት ያንኑ ብቻ ስጡት። ጎረቤት በአጥር የሚወረውርለት አጥንት ሙከራውን ያበላሸዋል፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት የሚላችሁን አትስሙ፤ ሲልሰው ይመርዘዋል። ቆዳው ከቆሰለ ወይም ከሸተተ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት፤ እከክም አለርጂ ሊመስል ስለሚችል ሐኪሙ ቆዳውን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል።