የናርጋ ሥላሴን ሥዕሎች በእርሳስ እንዴት እናጥና?

እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ የሰው አካልንና የልብስን አሣሣል ከቀደሙ ሠዓሊዎቻችን መማር ለሚሻ የጎጃም ወጣት ከማንኛውም የሥዕል መጽሐፍ እንደምትበልጥ አምናለሁ። ከባሕር ዳር በጀልባ ይሻገራሉ። እንደ ደረሱ ከአባቶች ፈቃድ ይጠይቁ፣ ጫማ ያውልቁ፣ ቅዳሴ እስኪያበቃ ይታገሡ። ሥዕሎቹ የመቅደሱን ግድግዳ ከውጭ በኩል የሸፈኑ ስለሆኑ በቅድስቱ፣ ማለትም መቅደሱን በሚከበው ክፍል፣ ቆመው ይሥላሉ። በአካባቢው ልማድ ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በግድግዳ ስለሚለጠፍ በጣትም ቢሆን አይንኩት።

ከፊት ይጀምሩ። ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ፤ ስለዚህ ፊት ወዴት እንደዞረ ሳይለዩ እርሳስ አያንሡ።

ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለትም እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የተሣለችበት ሥዕል፣ ነው። የእመቤታችን ቀኝ እጅ በግራው ላይ ተደርቦ ሁለት ጣቶች ይዘረጋሉ፣ ግራው መሐረብ ይይዛል። ይህ አቀማመጥ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ካለው ሥዕል የመጣ ሲሆን፣ ቅጂውን ወደ አገራችን ያስገቡት ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ናቸው። የጣቶቹን አጥንት አይፈልጉ፤ ሠዓሊው የፈለገው ከአንጓ እስከ ጥፍር ሳይቋረጥ የሚወርደውን መስመር ነው፣ እርስዎም እጅዎን ሳያነሡ በአንድ ጊዜ ያውርዱት። ከእግሯ ሥር ተደፍተው የተሣሉትን እቴጌ ምንትዋብን ሲነድፉ ቁመታቸውን በእርሳስዎ ለክተው ከእመቤታችን ጋር ያነጻጽሩ፤ መጠን የሚወሰነው በክብር እንጂ በርቀት አይደለም።

ጥላን በመጨረሻ ያስገቡ። የቀደመው የጎንደር አሣሣል የልብስን እጥፋት በተደረደሩ መስመሮች ብቻ ሲያሳይ፣ የምንትዋብ ዘመን ሠዓሊዎች ግን ፊትንና አንገትን በቀይ ቡናማ ቀለም አለስልሰው ድቡልቡል አድርገውታል፣ ልብሱንም ከባሕር ማዶ የመጣ አበባማ ሐር አስመስለውታል። ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ አይመራመሩ፣ አንድ ምንጭ የለውምና፤ እርሳስዎን አጋድመው የፊቱን ዳር ዳር ብቻ ቀስ እያሉ ያጥቁሩ፣ መሬት ላይ የሚወድቅ ጥላ ግን አይጨምሩ። የልብሱን አበባ ሁሉ መገልበጥ አያስፈልግም፤ አንዱን በደንብ ከሠሩ ሌላውን በነጥብ ያመልክቱ።

ከምስሉ አጠገብ የተጻፈውን የግእዝ ስም ግን ሳይዘሉ፣ በዚያው የፊደል ቅርጽና በዚያው ቦታ ይገልብጡት፤ ሠዓሊው ለጽሑፉ ብሎ የተወውን ባዶ ቦታ ሳያዩ የምስሉን አቀማመጥ በትክክል መንደፍ አይቻልም።